ዳገት ላይ የምትቆመው መኪና

አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴና እኔ አንድ ግቢ ውስጥ እየኖርን አብረን የምንቀመጠው በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። እሱም መኪና ውስጥ ነው። እሁድ እሁድ ከየካ ሚካኤል ተነስተን በቀበና በኩል አድርገን እንጦጦ ላይ ወዳለው ጸበል አደርሳታለሁ። እሷ ትገባለች፤ እኔ ከበሩ ውጭ መኪናው ውስጥ እቀራለሁ። ስትወጣ ጸበሏን በውሃ ፕላስቲክ ሞልታ ትመጣና ቁልቁል እንመለሳለን። ስንሄድም ስንመለስም የምናወራው ስለ መንገዱ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ሰርግ ነው። ስለ አባቴ አናወራም። ቢሆንም ያቺ አንድ ሰዓት ለእኔ ብዙ ነበረች። በሌላው ቀን እሷ ጓዳዋ ውስጥ፣ እኔ ክፍሌ ውስጥ ነን፤ ሰላምታችን እንኳን በር ላይ ስንተላለፍ የምንወራወራት ናት።

ስለዚህ መኪናዋ ዳገት ላይ መቆም ስትጀምር ጭንቄ ለብረቱ አልነበረም። ለደላላ ደውዬ የሸጥኳት ቀን ያቺ ሰዓትም አብራ እንደምትሸጥ አውቅ ነበር። እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር በታክሲ ትሄዳለች፤ እኔ እሁዴን የተማሪ ፈተና ሳርም እውላለሁ። ከዚያ በኋላ ምን ምክንያት ፈጥረን እንደምንገናኝ ሳስበው አይታየኝም ነበር።

መኪናዋ ከእኔ በሁለት ዓመት ብቻ ታንሳለች። አባቴ ሁለተኛ እጅ ሲገዛት እኔ ገና ፊደል አልጨረስኩም ነበር። ሊብሬዋ ላይ ቀለሟ «ክሬም» ተብሎ ተጽፏል፤ እኔ ግን ሰው ሲጠይቀኝ «ነጣ ያለች» ብዬ አልፋለሁ። የዛሬ መኪኖች ሲያማቸው ኮምፒውተር ሰክተው በሽታቸውን ያነቡላችኋል። የእኔዋ የዚያ ዘመን ልጅ አይደለችም። ቤንዚኑ ከኋላ ካለው ታንከር በቀጭን ቱቦ ይመጣል፤ ፖምፓ ይስበዋል፤ ፊልትሮ ያጣራዋል፤ ካርቡራቶሩ ደግሞ ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ ያቀብላል። ከእነዚህ አንዱ ሲበላሽ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ሁሉንም ተራ በተራ በመጠርጠር ነው። መጠርጠር ደግሞ እኔን አያስቸግረኝም። ቀበና አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ የሚኮርጅ ተማሪን ከጀርባው አይቼ አውቀዋለሁ እያልኩ ስፎክር ነው የኖርኩት።

መጀመሪያ የቆመችው ከጥምቀት በኋላ በነበረው እሁድ ነው። እስከ ቀበና ድረስ ምንም አልሆነችም። ዳገቱን ስንጀምር አንዴ ሳል አደረጋት፤ ትንሽ ሄደን ደገማት፤ ከዚያ ጉልበቷ ከዳት። ቤንዚን መስጫውን እስከ ወለሉ ብረግጠው ምንም የለም። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጥሩንባውን ለቀቀብኝ። የእጅ ፍሬኑን ስስብ እናቴ በሩን ከፍታ ወርዳለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ከመንገዱ ዳር ደህና ድንጋይ መርጣ፣ ከኋላ ጎማ ስር ሸጎጠችው። ሰባ ዓመት አልፏታል። አባቴ በነበረ ጊዜ የድንጋዩ ሥራ የእሷ ስለነበር ማንም እስኪነግራት አልጠበቀችም። ተመልሳ ገብታ የሚያሯሩጠን የለም አለችና መቁጠሪያዋን አወጣች።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቼ ቁልቁል ለጥ ወዳለው ቦታ ቀስ ብዬ ለቀቅኳት። ስሞክራት ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ተነሳች። እንደገና ወጣን፣ እንደገና ቆመች። ሁለት ድንጋይ ፈጅተን ደረስን።

በሩ ጋ ስንደርስ እንደ ሁልጊዜው ሞተሩን አጥፍቼ ወንበሬን ወደኋላ አዘነበልኩ። ለምን እንደማልገባ መናገር አለብኝ። አባቴ ኩላሊቱ ሲደክም ሐኪሞቹ ደሙን በማሽን ማጠብ ጀመሩለት። በየሳምንቱ እኔ ነበርኩ የማመላልሰው። ከጥቂት ወራት በኋላ በቃኝ አለ። እናቴ ይዛው ወደ ጸበሉ ወጣች፤ እዚያው አጠገብ ክፍል ተከራይተው ሱባኤ ገቡ። ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ። ሁለቱንም ያድርግ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም አልኩ። አባቴ ፈገግ ብሎ ደክሞኛል አለኝ፤ እናቴ ዝም አለች። በአራተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለልኝ።

ከዚያ ወዲህ የዚያን ቦታ ውሃ አልጠጣም፣ አልረጭም፣ በሩንም አላልፍም ብዬ ከራሴ ጋር ተማማልኩ። ይህን ለእናቴ በቃል ነግሬያት አላውቅም። በር ላይ እየቀረሁ ግን በየእሁዱ እነግራት ነበር። እሷም ገብቷታል። ስትወጣ ሁልጊዜ ፊቴን አይታ ዓይኗን ቶሎ ትሰብራለች።

ሌላም ነገር ነበር፤ ያን ጊዜ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ከሥራ ስመለስ መኪናዋን ግቢ አስገብቼ ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ አልወርድም። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እቀመጣለሁ። ወንበሩ አሁንም በአባቴ አቀማመጥ ያጋደለ ነው፤ መሪው ላይ የእሱ እጅ የላጠው ቦታ አለ። ቤት ውስጥ ዕቃው ሁሉ ተነስቶ ለነዳያን ተሰጥቷል። ከእሱ የቀረው እዚያ ነው። ምግብ ቀንሼ ነበር፤ ቀሚሶቼ ሰፍተውኛል፤ መምህራን ክፍል ውስጥ አመጋገቤን የሚጠይቁኝ በዝተዋል። እኔ ግን ደህና ነኝ እል ነበር፤ ደህና የሆንኩም ይመስለኝ ነበር።

አባቴ መኪናዋን የሚያሠራበት ጋራዥ ጉርድ ሾላ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። መካኒኩ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርገው ሲያዳምጡ ማንም እንዲያወራ አይፈቅዱም። በዚህ ከተማ መኪናውን ጋራዥ ያስገባ ሰው ሥራውን ትቶ አብሮት ይውላል። በርጩማ ይሰጡታል፤ እሱም ዓይኑን ከሠራተኞቹ እጅ ላይ ሳይነቅል ተቀምጦ ያመሻል። ጤነኛ ዕቃ ፈትተው የሌላ መኪና አሮጌ ያስሩብኛል ብሎ ነው። አባቴ ግን ቁልፉን ሰጥቷቸው ወደ ሥራው ሲሄድ ነው የማውቀው። እኔ በርጩማ ጠየቅኩ። አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ፤ ራሳቸው አመጡልኝ፤ በቱታቸው እጅጌ ጠርገው አስቀመጡልኝ። በርጩማ መጠየቄ ስድብ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች አንድ በአንድ ነቅለው ጫፋቸውን አዩ። ጠቁረው ቢሆን ቤንዚን በዝቶባታል፣ ነጥተው ቢሆን አንሶባታል ማለት ነው አሉኝ። ደህና ነበሩ። ፊልትሮውን ቀየሩ። እስከ መገናኛ ነድተናት ተመለስን፤ ልጅነቷ የተመለሰ መሰለኝ። እሁድ ግን እዚያው ዳገት ላይ፣ እዚያው የስልክ እንጨት አጠገብ ቆመች። እናቴ ወርዳ ድንጋይ አስገባች።

በሁለተኛው ሳምንት ፖምፓውን ፈቱ። ውስጡ ያለው ላስቲክ አርጅቷል ብለው በአዲስ ለወጡት። እኔ በርጩማዬ ላይ ነኝ። ሜዳ ላይ እንደ ልቧ ሮጠች። እሁድ ደግሞ ቆመች፤ ያውም ከበፊቱ ቀድማ። የዚያን ቀን ከኋላችን የነበረ አንድ የቤት መኪና ሹፌር ሲያልፈን በመስኮቱ ብቅ ብሎ ለሙዚየም ስጪያት አለኝ። መልስ አላጣሁለትም ነበር፤ እናቴ አጠገቤ ስላለች ዋጥኩት።

የዋጥኩት ሰኞ ጋራዥ ስደርስ ወጣ። ሠራተኞቹ ሁሉ ባሉበት ነው የተናገርኩት።

«ጋሼ፣ ይሄ ፖምፓ የእኔው ነው? የእኔ ይሻል ነበር መሰለኝ። ተለውጦ ይሆን?»

ግቢው ውስጥ መዶሻ ሲመታ የነበረው ሰው መምታቱን አቆመ። መካኒኩ አልተቆጡም። መፍቻቸውን አስቀመጡ፤ ወደ መደርደሪያው ሄደው በጋዜጣ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር አመጡ። የፈቱት ላስቲክ ነው፤ መሃሉ ላይ ተሰንጥቋል። ልጠይቃቸው እንደምችል ገምተው አስቀምጠውት ነበር። ውሰጂው፣ የአንቺ ነው አሉኝ። ይቅርታ ማለት ያለብኝ ያን ጊዜ ነበር። አላልኩም። ቁጣዬ ገና አልበረደም ነበርና ላስቲኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እሳቸውም አልጠበቁኝም። መኪናዋ ስር ገቡና ከታንከሩ ግርጌ ያለችውን ብሎን ፈትተው የሚወርደውን በማርማላታ ጠርሙስ ቀዱት። ብርሃን ላይ ከፍ አድርገው ያዙልኝ። ከላይ ቢጫ ያለ ቤንዚን፣ ከታች ደግሞ ምንም ቀለም የሌለው ሌላ ነገር። በመሃላቸው በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል መስመር አለ።

«ምንድነው ይሄ፣ አስተማሪዋ?» አሉኝ።

ውሃ ነው። ውሃና ዘይት እንደማይቀላቀሉ፣ ውሃው ከባድ ስለሆነ ከስር እንደሚቀመጥ በየዓመቱ በብርጭቆ እያደረግኩ ለልጆች አሳያለሁ። ሰውን ሁሉ ስጠረጥር የራሴን ትምህርት ረስቼዋለሁ። የታንከሩ መውጫ ወደኋላ በኩል ነው አሉኝ፤ ሜዳ ላይ ውሃው ተዘርግቶ ይተኛል፣ ብዙም አይደርስበትም። ዳገት ስትወጣ ግን ተንሸራትቶ ወደ መውጫው ይሰበሰባል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ቤንዚን ጠይቆ ውሃ ይጎነጫል። ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ ሦስት ሳምንት ሙሉ አስለፍቶናል።

ውሃው ከየት መጣ? ወሩ የካቲት ነው፤ ጠብ ያለ ዝናብ የለም። የታንከሩ ክዳን ደህና ይገጥማል። ስለዚህ ሌላ ተጠርጣሪ አገኘሁ፤ ቤንዚን የምቀዳበት ማደያ። ጠርሙሱን ይዤ፣ የነዳጅ ሰልፉን ሁሉ አቋርጬ ቀጂው ፊት ቆምኩ። ክፍል ውስጥ ሆኜ የማስረዳ ይመስል መስመሩን በጣቴ እያሳየሁ ተናገርኩ። ልጁ በትዕግሥት ሰማኝና፣ እህቴ፣ ከእኔ ጋ የቀዱት ሁሉ ቆመዋል እንዴ ብሎ ሰልፉን አሳየኝ። በሰልፉ ውስጥ በየቀኑ እዚያ የሚቀዱ ባለታክሲዎች ነበሩ። አንዱ መኪናሽን ከዋና አውጥተሽ ነው የመጣሽው አለ፤ ሁሉም ሳቁ። ጠርሙሴን ይዤ ተመለስኩ። ጆሮዬ ድረስ ሲግለኝ ይሰማኝ ነበር።

መካኒኩ ታንከሩን አወረዱት፣ አጠቡት፣ አደረቁት፤ ካርቡራቶሩንም ፈትተው በአየር ነፉት። በሚቀጥለው እሁድ መኪናዋ ዳገቱን ያለ አንዲት ሳል ወጣችው። እናቴ ዳሽቦርዱን መታ መታ አድርጋ ጎበዝ አለቻት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ፊትሽ ራሱ ፈካ አለ አለችኝ። የዚያን ቀን ስንመለስ ብዙ ተጫወትን። በወጣትነቷ ከቀበና ወንዝ ልብስ አጥባ ስትመለስ እንዴት እንደወደቀች ነገረችኝ፤ ሰምቼው አላውቅም ነበር። በሚቀጥለውም እሁድ ወጣችው። ደላላውን ከልቤ አወጣሁት።

በሦስተኛው እሁድ እዚያው የስልክ እንጨት ጋ ቆመች።

ጋራዥ ስገባ የዚያን ቀን በርጩማ አልጠየቅኩም። ቆሜ ጠበቅኩ። መካኒኩ ምንም ሳይናገሩ ያንኑ ብሎን ፈቱ፤ ያንኑ ዓይነት ጠርሙስ ሞሉ። ውሃው እንደገና ከስር ተኝቷል። በዚህኛው ጊዜ ግን የውሃው ግርጌ ላይ ግራጫ ዝቃጭ ነበረበት፤ አመድ የመሰለ፣ በጣም የላመ። ጣታቸውን ነክረው በአውራ ጣታቸው አሹት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በዝግታ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ታንከሩን የሚከፍት ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እናቴና እኔ ብቻ ነን አልኳቸው።

ቤንዚኑን ከላይ ቀስ አድርገው ወደ ጣሳ አንቆረቆሩት። ውሃው ጠርሙሱ ውስጥ ቀረ። በፊት እንዲህ ያለውን ውሃ ዘይት በለበሰው ቦይ ውስጥ ነበር የሚደፉት፤ ሁሉም የሚረግጠው ቦታ ነው። አሁን ቦዩን አልፈው፣ የተፈቱትን ሞተሮች አልፈው፣ አጥሩ ጥግ ወዳለችው ጽድ ሄዱ። ቆባቸውን አወለቁ። ውሃውን ሰው ከማይደርስበት ከግንዷ ስር አፈሰሱት። ጠርሙሱን በንጹሕ ውሃ አለቀለቁና እሱንም እዚያው ደፉት። አማተቡ።

እዚህ አገር ያደገ ሰው ሰው እንዳይረግጠው ተጠንቅቆ የሚደፋው ምን ዓይነት ውሃ እንደሆነ ሳይነገረው ያውቃል። ግራጫውም ዝቃጭ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ከቤተክርስቲያን የሚመጣው፣ እናቴ ጠዋት ጠዋት ግንባሯን የምትቀባው እምነት ነው።

መካኒኩ ተመልሰው አጠገቤ ቆሙ። «ቤት ስትገቢ ቀስ ብለሽ ጠይቂያት» አሉኝ። «አደራሽን፣ አትቆጪያት።»

ስለ በርጩማውም ስለ ላስቲኩም ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አባትሽም የመጀመሪያውን ዓመት እዚያው በርጩማ ላይ ነው የጨረሰው አሉኝና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

መንገዱን ሙሉ ለእናቴ የምላትን ለስላሳ ቃል ሳጠና ሄድኩ። በረንዳው ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ስትለቅም ሳገኛት ያጠናሁት ሁሉ ጠፋ።

«እማዬ፣ ታንከሩ ውስጥ ጸበል ትጨምሪያለሽ?»

«አዎ» አለች። እጇን ከሰፌዱ አላነሳችም።

እንደማትክድ አላሰብኩም ነበር፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ውሃ ከቤንዚን እንደሚከብድ፣ ከስር እንደሚቀመጥ፣ ዳገት ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ ፖምፓውን፣ ካርቡራቶሩን፣ ሁሉንም አስረዳኋት። በእሷ ምክንያት ስንት ሰው እንዳስቀየምኩ ነገርኳት። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ሰኞ ሰኞ እኔ ፊቴን ስታጠብ ክዳኑን ከፍታ አንድ ስኒ ታንቆረቁር ነበር። መቆም ከጀመረች በኋላ የማትድነው ውሃው አንሷት ነው ብላ እምነት ጨመረችበት። እየደጋገመች የምታክማት እየመሰላት እየገደለቻት ነበር። እስክጨርስ ድረስ ሰማችኝ። ተማሪዎቼ እንደሷ ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል።

«መኪና ጸበል አይጠጣም» ብዬ ጨረስኩ።

«ለመኪናዋ መሰለሽ?» አለችኝ።

ሰፌዱን ወደ ጎን አደረገችው። ከዚያ አንድ በአንድ ነገረችኝ። ከሥራ ስመለስ መኪና ውስጥ ተቀምጬ የምቀረውን በመስኮት ስታይ ከርማለች። አንድ ቀን መሪው ላይ ግንባሬን ደፍቼ አይታኝ እስከ በሩ ድረስ መጥታ፣ ማንኳኳት ፈርታ ተመልሳለች። ዓመቱን ሙሉ እሁድ እሁድ ከምታመጣው ጸበል ራስጌዬ ታስቀምጥልኝ ነበር። እኔ አልነካውም። አቧራ ለብሶ ታገኘዋለች፤ ጠርጋ ትቀይረዋለች፤ እንደገና አቧራ ይለብሳል።

«አልጠጣም አልሽ፣ ዝም አልኩ። አልረጭም አልሽ፣ ዝም አልኩ። ቤትሽ ግን እሷ ሆነች። ከእኔ ጋር ሳይሆን እዚያ ውስጥ ነው ያለሽው። ጸበሉ እሷን ካገኛት አንቺንም አይዘልሽም ብዬ ነው።»

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ ግን ዓመት ሙሉ የተቋጠረው ያን ጊዜ ተፈታ። አባዬ ማሽኑን ባይተው ኖሮ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር አልኳት። ከሕክምናው ያወጣሽው አንቺ ነሽ አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥኩ፤ ልመልሰው ብፈልግም አልተመለሰልኝም።

እናቴ አልተቆጣችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ወደ ግቢው፣ ወደ መኪናዋ አየች።

«አላውቅም» አለች። «እኔም በየቀኑ እጠይቃለሁ። ደክሞኛል ሲለኝ አልቻልኩም። ተሳስቼ ይሆናል፤ አላውቅም፣ ልጄ። ግን እሱን ቀብሬ ዞር ስል አንቺ በር ላይ ቀርተሻል። በአንድ ዓመት ሁለት ሰው ነው ያጣሁት።»

እሷ አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጬ፣ ትልቅ ሴትዮ፣ በቀብሩ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። ለዓመት ያህል አባቴን ያጣሁት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ኖሬያለሁ። ሕመሟ ለሁሉ የሚታየው መኪናዋ ብቻ ነበረች፤ እኔ መታመሜን ያወቀችው እሷ ብቻ ናት፤ እሷ መታመሟን ደግሞ ማንም አላወቀላትም። ይቅር ለእግዚአብሔር አልተባባልንም። ምስሩን አብረን ለቀምን። እሷ የለቀመችውን እኔ እንደገና ስለቅም አይታ ዓይንሽ ከእኔ ይብሳል አለችኝ።

በሚቀጥለው እሁድ መኪናዋ ደህና ነበረች። የስልክ እንጨቷን ስናልፍ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር፤ አልፈናት ከሄድን በኋላ ነው የለቀቅነው። በሩ ጋ ደረስን። ሞተሩን አጠፋሁ። እናቴ እንደ ልማዷ ፊቴን ሳታይ በሩን ከፍታ ወረደችና መራመድ ጀመረች። ወንበሬ ላይ ትንሽ ቆየሁ። እውነቱን ለመናገር ላለመውረድ ምክንያት ፈልጌ ነበር፤ ፀሐዩ ጠነከረ፣ መኪናዋን የሚጠብቅ የለም፣ ነጠላ አልያዝኩም። ከዚያ ወርጄ ቆለፍኩና ሮጬ ደረስኩባት።

ዞራ አየችኝ። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ግማሹን ራሴ ላይ አደረገችው፤ አንድ ነጠላ ለሁለት ተሸፍነን፣ እግራችን እየተጋጨ ገባን። አባቴ የተኛበትን ክፍል አልፈን ስንሄድ ክንዴን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ። ጸበሉ ጋ ደርሳ ፕላስቲኳን ሞላች፣ ከደነችው፤ እንደ ሁልጊዜው ለቤት ልትይዘው ነው።

«መኪናዋን ተያት እማዬ» አልኳት። «እኔ ላይ አድርጊው።»

ክዳኑን መልሳ ከፈተችው። ውሃው ያድነኛል ብዬ አልነበረም፤ ዛሬም አላልኩም። እሷ ግን አጭር ናት፣ እኔ የአባቴን ቁመት ነው የወረስኩት፤ እጇ ግንባሬ ላይ እንዲደርስ ጎንበስ አልኩላት።